የድምፃዊ ሕይወት ፊልም፦ ተዋናዩ ይዝፈን ወይስ የካሴቱ ድምፅ ይግባ?

ፋሲሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1980ዎቹ በካሴት ስለታወቀ አንድ ሟች ባለማሲንቆ የ20 ደቂቃ ፊልም ባሕር ዳር ላይ ልንቀርጽ ነው። ሁለት የዘፈን ትዕይንት አለው፤ አንዱ ጣና ዳር፣ ሌላው ማታ ጠጅ ቤት። ተዋናዩ ራሱ ይዝፈን ወይስ በፕሌይባክ (ካሴቱን በስፒከር እያጫወትን እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ) ይሁን? በሙከራው ላይ ከንፈሩ ከድምፁ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸግሯል።

ድምፅ ክፍል፦
ሁለቱም ተሠርቶበታል። «ሬይ» የተባለው ፊልም (እ.ኤ.አ. 2004) ላይ ተዋናዩ ጄሚ ፎክስ ፒያኖውን ራሱ ይጫወታል፣ የሚሰማው ግን በአብዛኛው የድምፃዊው የሬይ ቻርልስ ድምፅ ነው። «ዎክ ዘ ላይን» (እ.ኤ.አ. 2005) ላይ ደግሞ ዋኪን ፊኒክስ የጆኒ ካሽን ዘፈኖች ራሱ ዘፍኗቸዋል። የእናንተ ተመልካች ካሴቱን በቃሉ ስለሚያውቀው የሟቹን ድምፅ ተጠቀሙ።

መዘግየቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ ስፒከሩ ርቋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስፒከሩ 17 ሜትር ከራቀ ተዋናዩ ጋ የሚደርሰው 50 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጹ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ያስታውቃል። 2 ሜትር ላይ፣ ከካሜራው እይታ ውጭ አድርጉት። ዘፈኑ በሄደ ቁጥር መዘግየቱ የሚጨምር ከሆነ ግን ችግሩ ፍጥነት ነው። ቴፕ ሁሉ እኩል አይዞርም። ካሴቱን አንዴ በ48 ኪሎኸርዝ ወደ ዲጂታል ፋይል ገልብጡትና ቀረጻውም ኤዲቲንጉም በዚያው ፋይል ይሁን። መግቢያው ላይ አራት ምት ጨምሩ፤ ያለሱ ተዋናዩ የመጀመሪያውን ቃል ይስታል።

ደግሞ ከንፈሩን ብቻ አያንቀሳቅስ፤ ጮክ ብሎ ይዝፈን። የአንገቱ ሥር ካልተገተረ፣ ትንፋሽ ሲስብ ደረቱ ካልተነሳ ማንም አያምነውም።

ባለማሲንቆ፦
እኔ ከከንፈሩ ይልቅ እጁ ያሳስበኛል። ማሲንቆ እንደ ጊታር ተጭነው አይጫወቱትም፤ የግራ እጅ ጣት ጭራውን ነካ ያደርገዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይገፋውም። የደጋኑ አቅጣጫ ከዜማው ጋር ካልገጠመም የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያያል። አንድ አዝማሪ ዘፈኑን ሲጫወት ከፊት ለፊት ቅረጹና ተዋናዩ በዚያ ያጥና። ለፕሌይባክ ሌላ ደጋን ያዙ፣ የደጋኑን ጭራ ሳሙና ቀቡት፤ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን አያወጣም።

የጣና ዳሩን በጠዋት ጨርሱት። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳና የንግግር ድምፃችሁን ያበላሸዋል። ግን ጠዋት እርጥበት ስላለ ቆዳው ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል፤ በቀጥታ የምትቀዱት ጨዋታ ካለ ማሲንቆውን እሳት አጠገብ አሙቁት፣ ግን በጣም አታስጠጉት።

ድምፅ ክፍል፦
ጠጅ ቤቱ ውስጥ መብራቱ እንዳይርገበገብ በ25 ፍሬም ሻተሩ (የካሜራው መዝጊያ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው።

ሕግ ዐዋቂ፦
ከቀረጻ በፊት መብቱን ጨርሱ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ካሴቱ ደግሞ የድምፃዊውና የአሳታሚው የራሳቸው መብት አለበት። ስለዚህ የድምፃዊው ቤተሰብ «እሺ» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ ግጥሙን ሌላ ሰው ጽፎት ሊሆን ይችላል። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ አሳታሚ ተብሎ የተጻፈውን አንብቡና ከእያንዳንዱ ወይም ከወራሾቹ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ፈቃዱ ላይ «ለፊልም» ብቻ አትበሉ፤ ዩቲዩብና ቴሌቪዥን እንደሚገቡበት ይጠቀስ።