ለሥራ አስኪያጅነት የሚወዳደሩትን በከባድ ውሳኔ ላይ ምን ብለን እንጠይቃቸው?

ጥያቄ
የምሠራው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አስመጪ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ሰሞኑን ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ቃለ መጠይቅ እያደረግን ነው። «ከባድ ውሳኔ ሲያጋጥምዎ ምን ያደርጋሉ?» ስንላቸው፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል «ከሚመለከታቸው ጋር ተወያይቼ እፈታዋለሁ» ይሉናል። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልንም። ምን ብለን ብንጠይቅ ይሻላል?

መልስ 1
ጠበብ ያለ ጉዳይ ስጧቸው። ለምሳሌ 40 ሠራተኞች ካሉት ድርጅት ስድስቱን መቀነስ ግድ ሆኗል፤ በሥራው ደካማ የሆነው ግን የባለቤቱ የአክስት ልጅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ ጊዜ ችሎታና የተሻለ የሥራ ውጤት ያላቸው በሥራቸው የመቆየት ቅድሚያ አላቸው፤ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከርም የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ «እወያያለሁ» ያለው ተወዳዳሪ ሕጉ የሚያስገድደውን ከመናገር አላለፈም። ውይይቱ ባያስማማስ በሏቸው።

መልስ 2
በምሳሌው እስማማለሁ፤ ሆኖም አዋጁን አጥንቶ የመጣ ሰው ያመልጣችኋል (አሁን አሁን የማያጠና የለም)። እኔ የምመርጠው የወሰኑትን እንዲተርኩ አድርጎ ዝርዝሩን መከታተል ነው፦ ለሠራተኛው ማን ነገረው? በቃል ወይስ በደብዳቤ? በማግስቱ ቢሮው እንዴት ዋለ? በ2017 በካዛንቺስ መልሶ ማልማት ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ቦታ የለቀቀበት አንድ ተወዳዳሪ፣ ወደ አዲሱ ቦታ የማይዛወሩትን ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠርቶ እንደነገረ፣ ከመካከላቸው አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ደብዳቤውን አልፈርምም ብላ እንደወጣችና ቅሬታዋን በጽሑፍ እንድታቀርብ እንዳደረገ አስረዳን። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያልኖረበት ሰው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ወደ አጠቃላይ ንግግር ይመለሳል።

መልስ 3
የሙከራ ጊዜው ያጣራልናል ብላችሁም አትዘናጉ። አጭር ስለሆነ፣ በዚያ ውስጥ አንድም ከባድ ውሳኔ ላይመጣ ይችላል። ለሁሉም ተወዳዳሪ ያንኑ ጉዳይ አቅርቡ፤ ፈታኞቹም ከመነጋገራቸው በፊት ነጥባቸውን በወረቀት ያስፍሩ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቀድመው አስተያየት ከሰጡ የሌሎቹ ነጥብ የእርሳቸውን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ በትሕትና ጠይቋቸው።