ግራፊክስ ካርዴ 88 ዲግሪ ይደርሳል፤ ልቀይረው?

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ጌም ላይ 88 ዲግሪ ይነካል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ፍሬሙም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ይወርዳል። አዲስ ልግዛ ወይስ ይስተካከላል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ለጊዜው ብርህን ያዝ። የኬዙን የጎን ሽፋን ክፈትና ያንኑ ጌም 15 ደቂቃ አጫውት። ሙቀቱ በደንብ ከወረደ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው አየር ነው። ከፊት አስገቢ፣ ከኋላ አስወጪ ፋን ግጠም። ካልወረደ ወይ አቧራ ነው ወይ ፔስቱ (ቺፑና ማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል። አቧራውን ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በነፋሱ በኃይል ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

መልስ፦
በጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ሁኔታ የሚያሳይ ፕሮግራም) ሆት ስፖቱን፣ ማለትም የቺፑን በጣም የሚሞቅ ቦታ ሙቀት፣ እይ። ከዋናው ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከራቀ ፔስቱን ቀይር፤ ብሎኖቹን በየተራ፣ ሰያፍ ለሰያፍ አጥብቅ። የሜሞሪ ፓድ (ሜሞሪ ቺፖቹ ላይ የሚቀመጠው ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፍ) ከቀየርክ ውፍረቱ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። ከወፈረ ሂትሲንኩ (ማቀዝቀዣው ብረት) ቺፑ ላይ በቅጡ አያርፍም፣ ከበፊቱም ይብሳል።
(ደሴ ያላችሁም ብርዱን አትመኑ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል።)

መልስ፦
ካርዱን ከመፍታትህ በፊት አፍተርበርነር (ካርዱን ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ፓወር ሊሚቱን፣ ማለትም ካርዱ የሚወስደውን የኃይል ጣሪያ፣ 80 በመቶ አድርገህ ሞክር፤ የምታጣው ፍሬም ጥቂት ነው። ሙቀቱ ከ80 በታች ሆኖም ፍሬሙ ካነሰህ፣ ያኔ አዲስ ካርድ ይታሰባል። ለአዲሱ ይበቃ እንደሆነ ለማየት፣ ፓወር ሰፕላይህ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ስንት ዋት ነው?