የከለር ፎቶ ወረቀት ሰማያዊ እየሆነብኝ ነው፤ ለነገ ነው እባካችሁ!

የጠባሴው፦ ሰላም ናችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ነገ የአያቴ ሙት ዓመት ነው፤ ያለኝ አንኮበር የተነሣችው አንዲት ኔጋቲቭ ብቻ ናት። አራት ሉክ አጠብኩ፣ አራቱም ሰማያዊ ወጡ። ኬሚካሉ አዲስ ነው። የተበላሸ ወረቀት ሸጠውልኝ መሰለኝ። ምን ላድርግ?

መንዜው፦ ነፍስ ይማር። ግን ወንድሜ፣ ጨለማ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ይኬዳል?

ጋሽ ላቦራቶሪ፦ ልጄ፣ ከወረቀቱ እንጀምር። ፉጂ ክሪስታል አርካይቭም ሆነ ኮዳክ ኢንዱራ የሚታጠቡት በአርኤ-4 ኬሚካል ነው። የጥቁርና ነጭ ዴቨሎፐር፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ አይሆናቸውም። ለግድግዳ ከሆነ አንጸባራቂውን ተወው፣ የጣት አሻራ ይይዛል፤ ሉስተሩን፣ ከፊል አንጸባራቂውን፣ ያዝ። ዴቨሎፐሩ 35 ዲግሪ፣ 45 ሴኮንድ፤ ቀጥሎ ምስሉን የሚያጸናው ብሊች ፊክስ። በእኛ ጊዜ ፎቶ ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ቴርሞሜትር ማንበብ ነበር።

የጠባሴው፦ ጋሼ አመሰግናለሁ፤ ወረቀቱን ግን አንዴ ገዝቼዋለሁ።

ሮቢት፦ ብርዱ ነው። ትሪውን ሙቅ ውሃ ያለው ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው። እኛ ሸዋ ሮቢት ጣጣችን ማቀዝቀዝ ነው።

ከለር ወዳጅ፦ ከኢንላርጀሩ የቀለም ፊልተር ማጀንታውን (ሐምራዊ ቀዩን) እና ቢጫውን እኩል ቀንስ። አለቀ።

ጨለምለም፦ ቆይ። ጠርዙ፣ የወረቀት መያዣው የሸፈነው ቦታ፣ ነጭ ነው ወይስ እሱም ሰማያዊ?

የጠባሴው፦ እሱም ሰማያዊ ነው እህቴ።

ጨለምለም፦ እንግዲያው ፊልተር አይደለም፤ እዚያ የኢንላርጀሩ፣ የኔጋቲቩን ምስል አጉልቶ ወረቀቱ ላይ የሚያበራው መሣሪያ፣ ብርሃን አይደርስም። ብርድም ፎቶውን ያገረጣል እንጂ ነጩን አያቀልምም። ቀይ አምፖል አብርተሃል?

የጠባሴው፦ አዎ! ያለ ቀይ አምፖል ጨለማ ክፍል አለ እንዴ?

ጨለምለም፦ እሱ ለጥቁርና ነጭ ነው። የከለር ወረቀት ቀይንም ያያል፤ ቀይ ያየው ሽፋን ደግሞ ሲያን ያወጣል፣ ያ ያንተ ሰማያዊ። አጥፋው። ከዚያ ድፍን ጨለማ ውስጥ ከጥቅሉ መሃል ሉክ አውጣ፤ የላይኞቹ አምፖሉን አይተዋል። ጣት የሚያህል ቆርጠህ ምንም ብርሃን ሳታሳየው እጠበው። ነጭ ከወጣ ወረቀቱ ደህና ነው። ካላመንከኝ ሌላ ቁራጭ ላይ ሳንቲም አስቀምጥና ቀዩ ሥር ሁለት ደቂቃ ተወው። ሲታጠብ የሳንቲሙ ክብ ብቻ ነጭ ይቀራል። ደግሞ እርጥብ ፎቶ ሰማያዊ ነገር ይመስላል፤ ሳይደርቅ አትፍረድ።

ከለር ወዳጅ፦ ማጀንታና ቢጫውን ቀንስ ብያለሁ።

ቡና ጠጪ፦ ለነገ ከሆነ ምን አደከመህ? ኔጋቲቩን በስልክ አንሥተህ ቀለሙን ገልብጠው፣ ማተሚያ ቤት ያወጡልሃል።

የጠባሴው፦ ሞክሬዋለሁ። የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ይሁን ጥቁር አይለይም። እሱን ነው እናቴ የምትፈልገው።

የጠባሴው፦ ቁራጩ ነጭ ወጣ!! ጨለምለም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የአያቴን ልሞክር ስል መብራት ሄደ።

መንዜው፦ ይኸው ጨለማው ተገኘ።

ከለር ወዳጅ፦ መብራት ሲመጣ ማጀንታና ቢጫውን ቀንስ።