ራቢትኤምኪው አንዱን መልእክት ሁለቴ እያደረሰብኝ ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደሴ ፒያሳ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ላለው ነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። ሱቁ ዕቃ ሲሸጥ መልእክት በራቢትኤምኪው (በፕሮግራሞች መካከል መልእክት ተቀብሎ በሚያደርስ ሶፍትዌር) ወደ መጋዘኑ ይሄዳል። የመጋዘኑ ፕሮግራም የተሸጠውን ከፖስትግሬስ ዳታቤዙ ይቀንስና መልእክቱን እንደጨረሰ ለራቢት ማረጋገጫ ይመልሳል።

ችግሩ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ነው። ቅነሳው ተመዝግቧል፣ ማረጋገጫው ግን አልሄደም። ራቢት ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልከዋል። 10 ካርቶን ዘይት ተሽጦ 20 ይቀነሳል! ማረጋገጫውን ባስቀድም ደግሞ መልእክቱ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል፤ ይሄ ይብሳል። “ሬዲሊቨርድ” (ድጋሚ የተላከ) የሚለው የራቢት ምልክትም መጀመሪያ ተሠርቶበት እንደሆነ አይነግረኝም።

ለእያንዳንዱ ሽያጭ መለያ ቁጥር ሰጥቼ፣ ቁጥሩንና ቅነሳውን በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁለቱም ይመዘገባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ) ልመዘግብ አስቤያለሁ። ግን ሁለት ተቀባይ ፕሮግራሞች እኩል ቢሠሩስ? ዩኒክ ኢንዴክስ (አንድ ቁጥር ሁለቴ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው) ብቻውን ይበቃል ወይስ መቆለፊያም ያስፈልጋል? የሠራችሁበት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፤ ሰውዬው ሒሳቡ እየተምታታበት ነው።