የሆቴል ፍሳሽ ለሽንኩርት ይሆናል?

ባለማሳው፦
ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ግርጌ አንድ ቃዳ መሬት አለኝ። ቀድሞ በበጋ ከወንዝ በሞተር እየሳብሁ ሽንኩርትና ሰላጣ አለማ ነበር። አሁን ወንዙ የካቲት ሳያልቅ ይነጥፋል፤ የማይነጥፈው ከከተማው የሚወርደው ቦይ ብቻ ነው። ከላይ ያለ አንድ ሆቴል የመጸዳጃ ጉድጓዱን በቱቦ ወደ ቦዩ ለቆታል። ሄጄ ብጠይቅ «ያው ውሃ አይደለም እንዴ፣ አጠጣበት» አሉኝ። አጠጣሁበት።

ሽንኩርቱ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ አገዳው ወፍሮ ጎረቤት ሁሉ ቀናብኝ። ስነቅለው ግን ራሱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አንሶላ በሚታጠብበት ቀን ደግሞ ቦዩ ነጭ አረፋ ይዞ ይመጣል፤ መደቡ ሲደርቅ ላዩ እንደ ገል ይጠነክራል። ያጠፋው ውሃው ነው? ደግሞስ መሬታችሁ አሲዳማ ነው፣ ኖራ በትኑ ይሉናል፤ የሳሙናው ውሃ ኖራውን አይተካም?

የውሃ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
ጋሼ፣ ናይትሮጅን ሲበዛበት ሽንኩርት ቅጠል ማብዛቱን ይቀጥልና ራስ መቋጠሩን ያዘገያል። ዩሪያ ቢሆን በጊዜው ያቆሙት ነበር፤ ይህ ግን ባጠጡ ቁጥር ይመጣል። ሳሙናው ኖራን አይተካም። ኖራ ካልሲየም ነው፤ ሳሙና የሚያመጣው ሶዲየም የአፈሩን ቅንጣት በታትኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ገል የሆነብዎት ለዚህ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሰላጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚውል ፍሳሽ በሊትር ከ1 የበለጠ የትል እንቁላል ሊኖረው አይገባም። የወስፋት እንቁላል እርጥብ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። ለትንሽ ከተማ የሚስማማው ማጣሪያ ተከታታይ ኩሬ ነው፤ መብራትም ማሽንም አይፈልግም። የመጀመሪያው ከ2 እስከ 5 ሜትር የሚጠልቅ፣ ዝቃጩ የሚቀርበት፤ ሁለተኛው አረንጓዴ አልጌ የሚለብስ፤ የመጨረሻው 1 ሜትር ገደማ ሆኖ ፀሐይ ተህዋሲያኑን የምትገድልበት። እንቁላሉ እንዲዘቅጥ ውሃው ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ቀን መተኛት አለበት። ለባክቴሪያው ግን ከዚያም በላይ ነው፤ እንደ እኛ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ደግሞ ይረዝማል።

እናት፣ ቡሬ፦
እኔ ገዢ ነኝ። ቅዳሜ ገበያ ሳይደርሱ ሰላጣውን እዚያው ቦይ ውስጥ የሚነክሩትን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዲያብረቀርቅ ነው። እባክዎ እርስዎ እንኳ ይህን አያድርጉ። ልጆቼን የወስፋት መድኃኒት ማዋጥ ሰልችቶኛል።

የገበሬ ልጅ፣ ዳንግላ፦
ባለሙያው ልክ ነው፤ ግን ኩሬው እስኪቆፈር ሰውየው ምን ይብላ? ማዳበሪያ በዚህ ዋጋ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ተው ማለት አይሆንም። ባሕር ዛፍ ያፍላበት፤ ችግኝ ማንም ጥሬውን አይበላም። በባዶ እግሩ ግን አይግባ።

ባለማሳው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ በዚያ ቦይ ነክሬ አላውቅም፤ ሰላጣውንም ዘንድሮ ትቼዋለሁ። የባሕር ዛፉን አስብበታለሁ፤ ብቻ ጥላው የጎረቤቴን ጤፍ እንዳይነካ እዚያው መደብ ላይ አላቆየውም፣ ችግኙን እሸጠዋለሁ።

ባለሙያው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኩሬው ያለ ሞተር እንዲሠራ ውሃው በራሱ መውረድ አለበት አይደል? ታዲያ ከከተማው በታች ዝቅ ያለው ቦታ የእኔው ቃዳ ነው። ካሳው ስንት ነው?