ሲክል ሴል እስከ ዛሬ እንዴት ሳይጠፋ ቀረ?

የአራስ ቤት (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን ሦስት ሳምንቷ ነው። እዚህ ሕፃን ሲወለድ ተረከዙን ወግተው ደም ይወስዳሉ። ውጤቷ ሲመጣ «የሲክል ሴል ተሸካሚ ናት፣ በሽተኛ ግን አይደለችም» ተባልን። ሲክል ሴል በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ነው። ባሌ ናይጄሪያዊ ነው፤ ከእሱ ነው የወረሰችው። እናቴ ልታርሰኝ መጥታለች። ገንፎዋን እያገነፋች «ልጅ የሚገድል ነገር ከሆነ ዘሩ እስካሁን እንዴት አልጠፋም?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው መጥፎውን ያጠፋል አይደል እንዴ?

ጡረተኛው መምህር (ባሕር ዳር)
እንኳን ማርያም ማረችሽ! የእናትሽ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ልጅ ይታመማል። ከአንዱ ብቻ የወረሰ፣ እንደ ልጅሽ ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ያድጋል። በዚያ ላይ ከባድ ወባ በቀላሉ አይጥለውም። ይህን ኬንያ ያደገው ተመራማሪ አንቶኒ አሊሰን በ1954 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ወባ ባለበት ቆላ ተሸካሚው ከሌላው የበለጠ ይተርፋል፣ ይወልዳል። ተፈጥሮ የምትቆጥረው ማን ልጁን ለወግ ለማዕረግ እንዳደረሰ ብቻ ነው።

ማይክሮስኮፕ (አርባ ምንጭ)
የሲክል ሴልን ዕድሜ እኔ ልጨምር። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 7,300 ዓመት ገደማ፣ ማለትም 259 ትውልድ ይለዋል። መነሻውም አንድ ሰው ነው ይላል! ቀድሞ የተለያየ ቦታ ለየብቻው ተፈጠረ ይባል ነበር። እንዴት ይታወቃል? ሚውቴሽኑ፣ ማለትም በሽታውን ያመጣው የዘር ለውጥ፣ ሲፈጠር ግራና ቀኙ ያለው ዲኤንኤ (የዘር መረጃ የያዘው ክር) አብሮት ይወረሳል። ግን በየትውልዱ ዲኤንኤው እንደ ካርታ ይበወዛል። አብሮት የቀረው ቁራጭ ባጠረ ቁጥር ዘመኑ ሩቅ ነው።
አንድ ነገር አትርሺ። ልጅሽ ለትዳር ስትደርስ እጮኛዋ ይመርመር። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በየእርግዝናው የበሽታው ዕድል ከአራት አንድ ነው።

የአራስ ቤት (ሜሪላንድ)
ሦስት ሳምንቷ ነው እኮ፣ ዳራችኋት! ግን አመሰግናለሁ። ለእናቴ አነበብኩላት። ደብረ ብርሃን ያደገች ስለሆነች ወባን የምታውቀው በወሬ ነው። «በይ እንግዲህ፣ እኛን ብርዱ ጠብቆናል፤ የአማቾችሽን አገር ደግሞ ይሄ» ብላ ገንፎውን አቀረበችልኝ።