አስቸኳይ፦ የወንድሜ ራጅ ያጠራጥራል፣ ነገ ናሙና ሊወስዱ ነው፤ እሺ እንበል?

ሜሪ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ እግሩን ራጅ ተነሳ። ወረቀቱ «አጥንቱ ተበልቷል፣ የአጥንት ካንሰር አለመሆኑ ይጣራ» ይላል። ነገ በመርፌ ናሙና እንወስዳለን አሉን። አክስቴ ደግሞ «ከተነካ ይሰራጫል» ብላ እያለቀሰች ነው። የደም ምርመራ ብቻ አይበቃም?

መቶ አለቃው፦ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አይጠየቅም። ሐኪም ለምን ተማረ? የዘንድሮ ሰው ስልኩን እንጂ ሐኪሙን አያምንም።

ቢኒ፦ ደም አሰሩ። በደም ሁሉም ይታወቃል።

ሚሚ፦ አይዞሽ እህቴ። ስንት ዓመቱ ነው? የቱ ጋ ነው?

ሜሪ፦ 15። ከጉልበቱ ከፍ ብሎ። ኳስ ሲጫወት የተመታው መስሎን ዝም አልን። አሁን አብጧል፣ ሌሊት ሌሊት ያንገበግበዋል።

ተስፋ፦ ማን ካንሰር ነው አለ? «ይጣራ» ነው የሚለው!

የአጥንት ክፍል ነርስ፦ ተስፋ ልክ ነው። ራጅ ያጠራጥራል እንጂ አይፈርድም። የአጥንት ኢንፌክሽንም ቁርጥ ካንሰር መስሎ ይታያል። ግን በዚህ ዕድሜ፣ ጉልበት አካባቢ ሲሆን ቸል አይባልም። ደም አይለየውም፤ በደም የሚለካው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ንጥረ ነገር በሚያድግ ልጅ ላይ ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል። ቁርጡ የሚታወቀው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለ መሰራጨቱ፣ ናሙናው በወጉ ከተወሰደ ያን ያህል አያሰጋም። ዋናው መርፌው የሚገባበት ቦታ ነው። ካንሰር ከሆነ ያ መስመር ከዕጢው ጋር ተቆርጦ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቦታውን ኋላ ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ይወቀው። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ተነስቷል? ከናሙናው በፊት ቢሆን ይሻላል፤ መርፌው ከገባ በኋላ የሚቋጠረው ደም ምስሉን ያደናግራል። ሙሉውን የጭን አጥንት ያንሱት።

ቢኒ፦ እኔ ግን አሁንም ደም ነው የምለው።

ሚሚ፦ ቢኒ፣ አንተው ተመርመር፤ ግፊት ሳይኖርህ አይቀርም 😂

ሜሪ፦ ኤምአርአይ አልተነሳም። የደረት ሲቲ ስካን ግን አዘዋል። እግሩን እኮ ነው የሚያመው፤ ተሳስተው ይሆን?

የአጥንት ክፍል ነርስ፦ አልተሳሳቱም። የአጥንት ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሳንባ ላይ ነው የሚታየው። ኤምአርአዩን ግን ነገ ጠዋት፣ መርፌው ሳይገባ ጠይቁ። እግሩን አታሹት፣ ክብደቱንም አይጣልበት፤ የተበላ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። ውጤቱ ቢዘገይ ደግሞ አትደንግጡ። አጥንት ጠንካራ ስለሆነ በስሱ የሚቆረጠው መጀመሪያ በአሲድ ለስልሶ ነው።

ደረጀ፦ እኔም ትከሻዬን ሲያመኝ ከረመ። 50 አልፎኛል። ካንሰር ይሆን?

የአጥንት ክፍል ነርስ፦ ጋሽ ደረጀ፣ አብዛኛው የአጥንት ሕመም ካንሰር አይደለም። ቢሆንም ሐኪም ይየው። በእርስዎ ዕድሜ አጥንት ላይ የሚገኝ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከሌላ የሰውነት ክፍል የመጣ ስለሆነ ምርመራው ይለያል። ለብቻው ይጠይቁ፣ የልጅቷ ጥያቄ እንዳይዋጥ።

ሚሚ፦ ሜሪ፣ ኤምአርአዩስ?